ወረቀት፣ መቀስና ማግኔት፦ የሶፍትዌር ስክሪን ከደንበኛ ጋር በእጅ ሲታቀድ

ላፕቶፕ ላይ ተውቦ የተሠራ የስክሪን ንድፍ ለደንበኛ ስታሳዩ ምን ይላል? አብዛኛውን ጊዜ «አሪፍ ነው» ይላል። ራሱንም ይነቀንቃል። ከሁለት ወር በኋላ ኮዱ ተጽፎ፣ ዳታቤዙ ተዘርግቶ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ያው ሰውዬ «እኔ እኮ እንዲህ አላልኩም» ብሎ ይመጣል። አልዋሸም። መጀመሪያውኑ የተስማማው ከአንገት በላይ ነበር፤ የቀረበለት ነገር ያለቀ ስለመሰለው መተቸት ከብዶታል።

ለዚህ በሽታ የቆየ መድኃኒት አለ። ወረቀት ነው። ሰፋ ሲል ደግሞ መቀስ፣ ማርከር፣ ተለጣፊ ማስታወሻ፣ ካርድ፣ ነጭ ሰሌዳ፣ ማግኔት። ስክሪኑ ላይ የሚኖሩት ነገሮች፣ በተኑ፣ ሜኑው፣ ፎርሙ፣ ዝርዝሩ፣ እያንዳንዳቸው በእጅ የሚነሱና የሚቀመጡ ቁርጥራጮች ይሆናሉ። ከዚያ ደንበኛውና ሠሪው አንድ ጠረጴዛ ከበው ስክሪኑን አብረው ይገጣጥማሉ። በሙያው ሰፈር «ፔፐር ፕሮቶታይፕ» የሚለው ስም ነው የሚታወቀው፣ ግን ካርቶኑንም እንጨቱንም ያቅፋል።

ብዙ ሰው ይህን የቸገረው ሰው ዘዴ አድርጎ ያየዋል። የዲዛይን ፕሮግራም መግዛት ወይም መልመድ ያልቻለ የሚያደርገው ይመስለዋል። ርካሽ መሆኑ እውነት ነው፣ ማንም የሚጠላው ነገርም አይደለም፣ ግን እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ማውስ ሁልጊዜ አንድ ሰው እጅ ላይ ነው፤ የቀረው ተመልካች ነው። ጠረጴዛ ላይ የተበተነ ወረቀት ግን ባለቤት የለውም። ማንም እጁን ሰዶ «ይሄ እዚህ ቢሆንስ?» ማለት ይችላል።

ታሪኩም የሚጀምረው ከዚሁ ነገር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1981 ስዊድንና ዴንማርክ ውስጥ ዩቶፒያ የሚባል ፕሮጀክት ተጀመረ፤ የኖርዲክ አገሮች የኅትመት ሠራተኞች ማኅበርና ተመራማሪዎች አብረው የያዙት ነበር። የጋዜጣ ገጽ የሚያዘጋጁት ሠራተኞች ኮምፒውተር ሊመጣባቸው ነው። ማሽኑ ሙያቸውን ሳይነጥቅ እንዲያግዛቸው ይፈልጋሉ፣ ግን ገና ስላልተሠራ ነገር ምን ብለው ይናገሩ? የጽሑፍ ማብራሪያና ሥዕላዊ መግለጫ ብዙም አላራመዳቸውም። በመጨረሻ ተመራማሪዎቹ ከጣውላ፣ ከካርቶንና ከወረቀት የውሸት ኮምፒውተር ሠሩ። አንዱ ባዶ ካርቶን ላይ «የጠረጴዛ ሌዘር ፕሪንተር» ብለው ጻፉበት፣ በቃ፣ ፕሪንተር ሆነ። ሠራተኞቹ የወረቀቱ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ሥራቸውን እየሠሩ ሲያስመስሉ ነው ዋናው ወሬ የመጣው። ከቡድኑ መካከል ፔሌ ኤንና ሞርተን ኪንግ «የካርቶን ኮምፒውተሮች» ብለው በ1991 ጽፈውታል።

በዚያው በ1991 አሜሪካ ውስጥ ቤልኮር በሚባለው የስልክ ኩባንያዎች የምርምር ድርጅት የሚሠራው ማይክል ሙለር ፒክቲቭ የሚባል ዘዴ ይዞ ብቅ አለ። ጠረጴዛው ላይ ባለቀለም እስክሪብቶ፣ ተለጣፊ ወረቀት፣ ከፕላስቲክ የተቆረጡ አይከኖች ይቀርባሉ። ቁሳቁሱ ሆን ተብሎ ተራ የተደረገው ኮድ የማይጽፈው ሰው ከፕሮግራመሩ እኩል እንዲሆን ነው። ወደ ጠረጴዛው ያነጣጠረ ቪዲዮ ካሜራ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፦ ማን ምን አንስቶ የት እንዳስቀመጠ፣ ሲያስቀምጥ ምን እንዳለ። ዛሬ ለዚህ ስልክን ከላይ ማንጠልጠል ይበቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሙለር ያለበት ቡድን ካርድ የሚባል እህት ዘዴ ጨመረበት። ፒክቲቭ የአንድ ስክሪን ውስጡን ሲያይ፣ ካርድ ከስክሪን ወደ ስክሪን የሚኬድበትን መንገድ እንደ ካርታ ጨዋታ ደርድሮ ያያል።

የፓልም ፓይለት ጉዳይም አይዘለልም። ጄፍ ሃውኪንስ በ1996 ገበያ ላይ የወጣውን ይህን የእጅ ኮምፒውተር ከመሥራቱ በፊት፣ በዕቃው ልክ እንጨት ቆርጦ በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲባል እንጨቱን አውጥቶ በቾፕስቲክ ብዕር ይነካካዋል። የስክሪን ሥዕል በወረቀት አትሞም ይለጥፍበት ነበር። ያየው ሰው ምን እንዳሰበ እንጃ፤ ኪስ የማይገባ ዕቃ ሠርቶ ከመጸጸት ግን ይሻላል።

ወደ ዕቃዎቹ እንምጣ። ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ ስታጥፉት ስምንት ክፍል ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ 74 በ105 ሚሊ ሜትር ነው። ወርዱ ከብዙ ስልኮች ወርድ ጋር ይቀራረባል። ቁመቱ ስለሚያጥር ከሥር ትንሽ ቀጥሉበት። ለኮምፒውተር ስክሪን ሙሉውን ኤ4 አግድም ማድረግ ይበቃል። ተለጣፊ ማስታወሻ፣ 3ኤም የሚባለው ድርጅት በ1980 ፖስት ኢት ብሎ በመላው አሜሪካ መሸጥ የጀመረው፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው፦ ይለጠፋል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይለጠፋል። የተለመደው 76 በ76 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብቅ ለሚል የመልእክት ሳጥን ልክ ይመጣል። ከጥቅሉ ስትልጡት ከሥር ወደ ላይ አትሳቡት፤ ጫፉ ይጠቀለልና ሰዓት ሳይሞላ ወለል ላይ ታገኙታላችሁ። ወደ ጎን ነው የሚሳበው።

ማርከሩ ወፍራም ይሁን። ቀጭን እስክሪብቶ የያዘ ሰው የፊደል መጠን ማሳመር፣ ጥላ መቀባት ይጀምራል፤ ወፍራም ማርከር ይህን ሁሉ አይፈቅድለትም። የአይከንና የበተን ቅርጽ የተቆረጠበት የብረት ወይም የፕላስቲክ ማስመሪያ፣ ስቴንስል የሚሉት፣ መስመሩ ያምራል። እኔ ግን ደንበኛ ባለበት ጠረጴዛ ላይ አላወጣውም። እናንተ በስቴንስል አሳምራችሁ ስትስሉ የሱ ጠማማ ሳጥን ያሳፍረዋል፣ ማርከሩን መልሶ ያስቀምጣል፣ ነገሩም ወደ «አሪፍ ነው» ይመለሳል።

ሰዉ ከአራት ከበለጠ ጠረጴዛው ይጠባል። ያኔ ነጭ ሰሌዳና ማግኔት ይሻላል። ጀርባቸው ማግኔት የሆኑ፣ ፊታቸው ላይ በሰሌዳ ማርከር የሚጻፍባቸውና የሚጠፋባቸው ቁርጥራጮች አሉ፤ ከሌሉም ተጣጣፊ የማግኔት ሉህ በመቀስ ቆርጦ ነጭ ወረቀት መለጠፍ ነው። ማግኔት ወረቀት የሌለው አንድ ጥቅም አለው፦ ማራገቢያ ሲበራ አይበርም። (ሳቁ፣ ግን አንድ ሙሉ የምዝገባ ፎርም በነፋስ ሲበተን ያየ ሰው አይስቅም።)

አሁን ወደምወደው ክፍል። ወረቀት አይንቀሳቀስም የሚል ክርክር ትሰማላችሁ፣ ግን ትንሽ መቀስ ያንቀሳቅሰዋል። ወደ ታች የሚንሸራተት ረጅም ገጽ ከፈለጋችሁ፣ ካርቶን ላይ በስክሪኑ ልክ መስኮት ቅደዱና ረጅሙን ወረቀት ከኋላው ሳቡ። የሚከፈት ሜኑ ታጥፎ የሚዘረጋ ወረቀት ነው። ጽሑፍ የሚሞላበት ፎርም ላይ ግልጽ ፕላስቲክ አልብሱት፤ ሰውየው ይጽፍበታል፣ ጠርጋችሁ ለሚቀጥለው ታቀርባላችሁ። የስሕተት መልእክት ቀይ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከጠረጴዛው ሥር ያዙት። ባዶ ቁርጥራጭ ደግሞ አይለቃችሁ፤ በአንድ ስብሰባ ውስጥ ከምታስቡት በላይ ታልቃለች።

ከደንበኛው ጋር ስትቀመጡ በባዶ ገጽ አትጀምሩ። ባዶ ገጽ ባለሙያውንም ያስፈራል። ከሁሉ የሚሻለው መነሻ ደንበኛው ዛሬ የሚሠራበት ወረቀት ነው፦ የምዝገባ ቅጹ፣ መዝገቡ፣ ደረሰኙ፣ በእጁ የሚሞላው ሠንጠረዥ። እሱን ፎቶ ኮፒ አንሱና እያንዳንዱን መሙያ በመቀስ ቆርጣችሁ ስጡት። «እውነት በምትሠራበት ቅደም ተከተል ደርድረው» በሉት። ቅጹ ላይ ስም አንደኛ፣ ስልክ ስድስተኛ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ግን የስልክ ቁጥሩን ቁርጥራጭ ነው መጀመሪያ የሚያነሳው፣ ምክንያቱም የመጣበት ሰው የቆየ ደንበኛው መሆኑን የሚያረጋግጠው በስልክ ቁጥሩ ነው። ይህንን በቃለ መጠይቅ አይነግራችሁም። ደብቆ አይደለም፣ እጁ እንጂ አፉ አያውቀውም። ደርድሮ ሲጨርስ ጠረጴዛው ዳር የተረፉትንም ቁርጥራጮች እዩ። ለዓመታት በየቅጹ ላይ የታተሙ፣ ማንም የማይሞላቸው መሙያዎች እዚያ ተከምረው ታገኟቸዋላችሁ። እነሱን ስክሪኑ ላይ ሳትሠሩ መቅረት ብቻውን የስብሰባውን ወጪ ይመልሳል።

የምትጠቀሙት መረጃም የእውነት ይምሰል። «ስም፣ ስም፣ ስም» ብሎ የተሞላ ዝርዝር ሁልጊዜ ያምራል። የአያት ስም ያለበት ረጅም ስም፣ ሰባት አኃዝ ያለው ዋጋ፣ ምንም ያልተገኘበት ባዶ ፍለጋ ጻፉበት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ የማይበቃ ሳጥን ወረቀት ላይ ሲገኝ በመቀስ ይሰፋል።

ስክሪኖቹ ትንሽ መልክ ሲይዙ ፈተና ይመጣል። አንድ ሰው ኮምፒውተሩን ይሆናል። ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው፣ ባለቤቱ ሳይሆን በየቀኑ የሚገለገልበት ሠራተኛ ቢሆን ይመረጣል፣ ፊቱ ይቀመጥና «ይህን ትዕዛዝ መዝግብ» ይባላል። በተን የሚነካው በጣቱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ቀጣዩን ወረቀት ያቀርባል። ኮምፒውተር አይናገርም፣ አያብራራም፣ ፊቱን አያጨማድድም። ይህ ከባድ ነው! የሠራችሁት ስክሪን ላይ ሰው ሲደናገር ዝም ማለት እንደ ጥርስ ሕመም ነው። ስንት ሰው ይበቃል ለሚለው፣ የአጠቃቀም ምቾት ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን በ2000 የጻፈው ምክር እስካሁን ይጠቀሳል፦ አምስት ሰው፣ ከዚያ አስተካክሎ እንደገና መሞከር።

የካርድ ድርደራ የሚባለው ዘዴ (ከላይ ካነሳነው ከሙለር ቡድን ካርድ ጋር አይምታታ) ትንሽ ለየት ይላል። እዚህ የሚታቀደው የሜኑው አከፋፈል ነው። የእያንዳንዱ ተግባር ስም አንድ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ ሰዎች አብሮ ይሄዳል ያሉትን ይከምራሉ። ክምሩን ራሳቸው ስም ካወጡለት ክፍት ድርደራ ይባላል፤ ስሙ ቀድሞ ከተሰጣቸው ዝግ። ለአዲስ ሥራ ክፍቱን ምረጡ፣ ለክምሮቹ የሚሰጡትን ስም ሜኑው ላይ መጠቀም ትችላላችሁና።

ወረቀት የማይችለውም አለ። ፍጥነትን አያሳይም። ኮምፒውተር የሆነው ሰው ወረቀት ሲፈልግ የሚባክነው ጊዜ ከኢንተርኔት መዘግየት ጋር አይገናኝም። የቀለምና የፊደል ውሳኔም በወረቀት አይወሰን። መጠን ላይ ደግሞ ሰው ይታለላል፤ በወፍራም ማርከር የተሳለ በተን ከእውነተኛው ይገዝፋል። ጎግል ለአንድሮይድ የሚመክረው የመንኪያ ቦታ 48 በ48 ዲፒ ነው፣ በስክሪን ላይ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ማለት ነው። 9 ሚሊ ሜትር ቆርጣችሁ አውራ ጣታችሁን አሳርፉበት፤ ስልክ ላይ ሊደረደር የታሰበው ሁሉ ለምን እንደማይገባ ወዲያው ይገባችኋል።

ማየት የተሳነው ተሳታፊ ካለ ጠፍጣፋ ወረቀት ከጨዋታ ያስወጣዋል። ቁርጥራጮቹን ከወፍራም ካርቶን ወይም በጣት ከሚለይ ነገር መሥራት ይረዳል። የስክሪን አንባቢ ፕሮግራም ግን ስክሪኑን በተራ ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ አንዱ ሰው ቁርጥራጮቹን በቅደም ተከተል ጮክ ብሎ ቢያነብለት ይበልጥ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ይህ የሚጠቅመው ለዓይነ ሥውር ብቻ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ የተዘበራረቀ ስክሪን እዚያው ይጋለጣል።

ደንበኛው ሩቅ ከሆነስ? እንደ ሚሮና ፊግጃም ያሉ የጋራ ሰሌዳዎች ተለጣፊ ወረቀቱን ኮምፒውተር ላይ አምጥተውታል። ይሠራሉ። በ2008 የወጣው ባልሳሚክ የሚባል የስክሪን መንደፊያ ፕሮግራምም ሆን ብሎ በእጅ የተሳለ የሚመስል ንድፍ ያወጣል፣ ያላለቀ ነገር ሰው ሳይሳቀቅ ስለሚተቸው። ግን ፕሮግራሙን የለመደውና ያልለመደው እኩል አይሆኑም፤ ማውሱን የያዘው ሰው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ በሩቅ ስሠራ ደንበኛው ቤቱ ባለው ወረቀት ስሎ ፎቶ እንዲልክልኝ ነው የምመርጠው።

«ለመቀስ ነው የምከፍላችሁ?» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። አትከራከሩት። አንድ ስክሪን ብቻ በዚህ መንገድ አሠሩት፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወረቀት ሲቀማችሁ ታያላችሁ። የሚያሰጋኝ ተቃራኒው ነው፦ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ስለተገጠመ «እንግዲህ በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል» የሚለው። ጠረጴዛው ላይ በሁለት ደቂቃ የተለጠፈች «ሪፖርት» የምትል በተን ከኋላዋ የሦስት ሳምንት ሥራ ሊኖራት ይችላል። እንዲህ ያሉት ላይ እዚያው፣ ሰው ሳይነሳ፣ በሌላ ቀለም ምልክት አድርጉ።

ስብሰባው ሲያልቅ ቁርጥራጮቹን ቶሎ አታንሱ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ስክሪን ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፣ ከዚያ ከላይ ቀጥ ብሎ ፎቶ ይነሳ። የተጣሉትን አማራጮችም አንሱ፣ ከሥራቸው ለምን እንደተጣሉ በአንድ መስመር ጽፋችሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያልነበረ ሰው «ይሄ እኮ ግራ በኩል ቢሆን» ማለቱ አይቀርም። ሁሉንም በአንድ ፖስታ ከትታችሁ ላዩ ላይ የስክሪኑን ስም ጻፉ፣ የመጀመሪያው ሥሪት ሰው እጅ እስኪገባ ድረስም ማንም እንዳይጥለው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።