እሳቱ ጠፋ ወይስ ተዳፈነ?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር እሳት አንድደው ያመሹ ሰዎች ሲነሱ አፈር መለስ ያደርጉበትና «ጠፋ» ይላሉ። አልጠፋም፤ ተዳፈነ እንጂ። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ የሚያዳፍኑት እኮ እስከ ጠዋት እንዲቆይላቸው ነው! አመዱ ሙቀቱን ይይዛል፣ አየሩን ይቀንሳል፤ ፍሙም ቀስ እያለ ይነዳል። ነፋስ ሲገልጠው ደረቅ ሣር ይይዛል። በማግስቱ ለጨዋታ የመጣ ልጅ በባዶ እግሩ ቢረግጠውስ? እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ጠፋ የሚባለው ሲቀዘቅዝ ነው። ውሃ ያፍሱበት፣ በእንጨት ያማስሉት፣ እንደገና ያፍሱ። «ጭስስ» ማለቱን እስኪተው አይቁሙ። ትልልቆቹን ግንዲላዎች ገልብጠው ሥራቸውንም ያርጥቡ። ከዚያ የእጅዎን ጀርባ ሳያስነኩ ጠጋ ያድርጉ። ሙቀት ከተሰማዎት ገና ነው፤ ሌላ ባልዲ ውሃ ይቅዱ።