ሲስት አለብሽ ማለት አትወልጂም ማለት ነው?

የአልትራሳውንድ ወረቀቱ ላይ «የግራ ኦቫሪ ሲስት፣ 3.5 ሳ.ሜ» የሚል ሲታይ (ሲስት ማለት ብዙ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው)፣ ገና ላላገባች ልጅ ቀድሞ የሚመጣባት የመውለድ ነገር ነው። ሰፈሩም ዝም አይልም። በብዛት የሚባሉትን እስቲ እንያቸው።

«ሲስት ያለባት አትወልድም»

ስንቷን ያስለቀሰው ይሄ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ውሸት ነው። ኦቫሪ፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻው፣ በየወሩ እንቁላል የሚያሳድገው ውሃ በቋጠረች ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቷ እንቁላሉን ልትለቅ ስትል ወደ 2 ሳ.ሜ ትደርሳለች። አንዳንዴ ሳትፈነዳ ቀርታ ማደጓን ትቀጥላለች። በወጣቶች ላይ የሚታየው ሲስት ባብዛኛው ይሄው ነው፤ ብዙ ጊዜም በ2 ወይም በ3 ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ሐኪሙ «ከ2 ወር በኋላ ተመለሺና እናየዋለን» ቢልሽ ችላ ብሎሽ አይደለም።

«ጥቁር አዝሙድ በማር ያሟሟዋል»

የጥቁር አዝሙድ ስም የገነነው ብዙው ሲስት ያለ እሱም በራሱ ስለሚጠፋ ነው። የእርግዝና መከላከያ እንክብልም ቢሆን ያለውን አያሟሟም፤ የሚያግዘው አዲስ እንዳይፈጠር ነው።

«ፒሲኦኤስም ያው ሲስት ነው»

አይደለም። በፒሲኦኤስ (ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም) ኦቫሪው ላይ የሚታዩት ሳይበስሉ የቀሩ ብዙ ጥቃቅን የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። ችግሩ የሆርሞን ነው፦ የወር አበባ ይዘገያል፣ ብጉርና የአገጭ ፀጉር ሊመጣ ይችላል። እንቁላል በየወሩ ስለማይወጣ ማርገዝ ሊዘገይ ይችላል። ግን እንደ ሌትሮዞል ያሉ እንቁላል የሚያስወጡ መድኃኒቶች አሉ፤ ያለ መድኃኒት የሚያረግዙም ብዙ ናቸው። «እኔማ አላረግዝም» ብላ መከላከያ የተወች ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች።

«ኦፕሬሽን ከተደረግሽ አበቃ»

በወጣቶች ላይ የሚወጣው ባብዛኛው ሲስቱ ብቻ ነው። አንዱ ኦቫሪ እንዳለ ቢወጣ እንኳ፣ ሌላው ጤነኛ ከሆነ ማርገዝ ይቻላል። ደርሞይድ የሚባለው ሲስት ውስጥ ፀጉርና ጥርስ ሊገኝ ይችላል፤ መተት ነው የሚል አይጠፋም፣ ግን የታወቀ የሕክምና ነገር ነው። ጠንቀቅ ማለት የሚያስፈልገው አሮጌ ደም የቋጠረው «ቸኮሌት ሲስት» ላይ ነው። ከኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ማለትም የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ከሚያድግበት ሕመም፣ የሚመጣ ሲሆን ራሱ ማርገዝን ሊያስቸግር ይችላል፤ ኦፕሬሽኑም የእንቁላል ክምችት ሊቀንስ ይችላል። ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ የኦፕሬሽኑ ቀን ሳይቆረጥ ለሐኪምሽ ንገሪው።

«የወር አበባ ህመም ነው፣ ቻይው»

ሲስት ያለበት ኦቫሪ ተጠማዞ ደም ሊቋረጥበት ይችላል። ከሆድ ታች በአንድ በኩል ድንገት የጀመረ ከባድ ህመም ከማስታወክ ጋር ከመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ቶሎ ከተደረሰ ኦቫሪውን ማትረፍ ይቻላል።