ያገለገሉ የቤት ዕቃዎችና መጻሕፍት ልገሳ በአዲስ አበባ

በአዲስ አበባ ያገለገለ ዕቃን ለበጎ አድራጎት ድርጅት መስጠት ከቆየው የዘመድና የጎረቤት መረዳዳት በኋላ የመጣ ልማድ ነው። አንድ ቤተሰብ ፍራሽ፣ ድስት ወይም ቁም ሳጥን ሲቀይር አሮጌው በቅድሚያ የሚታሰበው ለገጠር ዘመድ ወይም አዲስ ጎጆ ለሚወጣ ወጣት ነው። ከዚያ የተረፈውን በየሰፈሩ እየተጣራ የሚያልፈው ቁራሌው ይገዛዋል፤ ልዋጭ ደግሞ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ በምትኩ የፕላስቲክ ወይም የብርጭቆ ዕቃ ይሰጣል። ከተሰበሰበው ብዙው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ደርሶ ተጠግኖ ወይም ተቀጥቅጦ እንደገና ለሽያጭ ይቀርባል። በከተማዋ ገዢ የማያገኝ ዕቃ እምብዛም ስለሌለ፣ ለድርጅት የሚለግስ ሰው ጥቂትም ቢሆን ሊያገኝ ይችል የነበረውን ገንዘብ ትቶ ነው የሚሰጠው። (እድሮች ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሳህንና ብረት ድስት በጋራ ይዘው ለአባላት ማዋሳቸውም የቤት ዕቃን ከአንድ ቤት ንብረትነት አውጥቶ የመጠቀም የቆየ መንገድ ነው።)

የዓይነት ስጦታ በብዛት ከሚደርሳቸው ተቋማት በስፋት የሚታወቀው አቶ ቢኒያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» በሚለው መፈክሩ የሚታወቀው ይህ ማዕከል ጎዳና ላይ ወድቀው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይጦራል። ከአልጋ መነሣት የማይችሉ ተረጂዎች ባሉበት ቤት አንሶላ፣ ብርድ ልብስና ፍራሽ ቶሎ ያልቃሉ፤ ሳሙናና የአዋቂ ዳይፐር ደግሞ ለአንድ ቀንም ሊቋረጡ የማይገባቸው ፍጆታዎች ናቸው። ለጋሹ ከቤቱ የሚያወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ልብስ ነው፤ እርሱም ለበዓል ሰሞን ይበዛል፣ በሌላው ጊዜ ይሳሳል። ታጥቦና ተለይቶ የመጣ ልብስ በቀጥታ ለአገልግሎት ሲውል፣ የተቀደደውና ያደፈው መልሶ የሠራተኛ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ደውሎ የጎደለውን መጠየቅ ከራሱ ከስጦታው ያላነሰ ጥቅም አለው። በሕግ በኩል፣ የአገር ውስጥ ድርጅቶች የሚመዘገቡት አዋጅ ቁጥር 621/2001ን በተካው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ስለሆነ፣ ለጋሹ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ለማየት መጠየቁ ነውር አይደለም።

የመጽሐፍ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ድስት ለማንም ይሆናል፣ መጽሐፍ ግን ቋንቋውንና ደረጃውን የሚመጥን አንባቢ ይፈልጋል። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ1998 ድርጅት አቋቁመው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍትን ሲከፍቱ ከአሜሪካ በስጦታ ያገኟቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ይዘው ነበር። እኒህ ሰው በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ብቻ አልተወሰኑም፤ ለኢትዮጵያውያን ልጆች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈ መጽሐፍም አሳተሙ፣ በሀዋሳም በአህያ ጋሪ የሚዘዋወር ቤተ መጻሕፍት ጀመሩ። ከልገሳ ታሪካችን ይበልጥ ሊጠና የሚገባው ይህ እርምጃ ይመስለኛል፤ በነጻ የመጣው መጽሐፍ ያልሞላውን ክፍተት አይቶ ሌላ ማዘጋጀትን ይጨምራልና።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም መደርደሪያውን በከፊል የሞላው ግለሰቦችና ተቋማት በለገሱት መጽሐፍ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ግን ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል በየቤቱ የተቀመጡት የቀድሞ መጻሕፍት ለማጣቀሻ ካልሆነ በቀር ለክፍል ትምህርት የማያገለግሉ ሆነዋል። መዝገበ ቃላት፣ ልብ ወለድ፣ ታሪክና የልጆች ተረት ይህ አይነካቸውም።

ከአዲስ አበባ ውጭ የተለመደው መንገድ፣ ተወልደው ያደጉበትን ትምህርት ቤት የሚያስታውሱ ሰዎች ተሰባስበው መጻሕፍትን በካርቶን አሽገው በአውቶቡስ መላክ ነው። ማረሚያ ቤቶችም እንዲህ ያለ ስጦታ ይቀበላሉ። በትምህርት ቤት ግን መጻሕፍቱን የሚያውስና የሚመዘግብ ሰው ካልተመደበ፣ ኃላፊነቱ የሚወድቅበት ርእሰ መምህር እንዳይጠፉ ሰግቶ ቢሮው ውስጥ ሊቆልፍባቸው ይችላል፤ በዚህ ምክንያት አንዳንድ ላኪዎች ከካርቶኑ ጋር የማዋሻ መዝገብና የመደርደሪያ መሥሪያ ገንዘብ አብረው ይልካሉ።