የፓርቲን ሰንጠረዥ ምንድን ነው?

ፕሮስቴት ካንሰር አለብህ የተባለ ሰው ሐሳቡ አንድ ነው፦ «ካንሰሩ ከፕሮስቴት እጢው ወጥቷል ወይስ እዚያው ነው?» ቁርጡ የሚታወቀው የፕሮስቴት እጢው በኦፕራሲዮን ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ያን ጊዜ ግን ኦፕራሲዮኑ አልቋል። የፓርቲን ሰንጠረዥ ይህንን አስቀድሞ ለመገመት የተሠራ ነው።

አሜሪካ ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል አላን ፓርቲን፣ ፓትሪክ ዋልሽና ባልደረቦቻቸው በ1993 (እ.ኤ.አ.) አወጡት። እጢያቸው የወጣላቸውን ወንዶች መዝገብ አገላበጡ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ውጤታቸው ምን ነበር? እጢው ሲወጣስ ምን ተገኘ? ሁለቱን አገናኙ። የ1997ቱ እትም ከሦስት የሕክምና ማዕከላት የ4,133 ወንዶችን መረጃ ይዟል።

ሰንጠረዡ ላይ ቦታችሁን ለማግኘት የፒኤስኤ (ፕሮስቴት የሚያመነጨው ፕሮቲን) የደም ውጤት፣ ሐኪሙ በጣቱ መርምሮ ያገኘው ነገር፣ እና የባዮፕሲው (ከእጢው በመርፌ የተወሰደው ናሙና) የግሊሰን ቁጥር ያስፈልጋሉ። ብዙ ሰው የሚደናገረው በሦስተኛው ነው። ፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም) ናሙናው ውስጥ ለሚያያቸው የካንሰር ሴሎች አደራደር ቁጥር ይሰጥና ሁለት ቁጥር ይደምራል። ዛሬ ባዮፕሲ ላይ የሚጻፈው ዝቅተኛው ድምር 6 ነው። ስለዚህ «6 ከ10» ያነበበ ሰው «ግማሹን አልፏል» ብሎ ይደነግጣል፤ ያገኘው ግን የመጨረሻውን ዝቅተኛ ደረጃ ነው። ሌላም አለ። 3+4 እና 4+3 ሁለቱም 7 ናቸው፣ ግን እኩል አይደሉም። የሚቀድመው ቁጥር በብዛት የታየው ነው፤ 4 ከቀደመ ካንሰሩ ከበድ ያለ ነው። አዳዲሶቹ እትሞች ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጠዋል። ወረቀቱ ላይ ድምሩን ብቻ አትዩ።

መልሱ በመቶኛ ይመጣል፦ ካንሰሩ እጢው ውስጥ የመሆኑ ዕድል፣ ሽፋኑን የማለፉ፣ የዘር ፈሳሽ ከረጢቶች ጋ የመድረሱ፣ ወይም ንፍፊት ውስጥ የመግባቱ። ለቀዶ ሐኪሙ ይህ የሥራ መረጃ ነው። ለብልት መቆም የሚያስፈልጉት ነርቮች እጢውን ታክከው ስለሚያልፉ፣ ይትረፉ ወይስ አብረው ይነሡ የሚለውን ሲወስን ያግዘዋል። ንፍፊቶቹን ማውጣት ያስፈልግ እንደሆነም እንዲሁ።

እንበል «እዚያው እጢው ውስጥ ነው» የሚለው ላይ 70 ተጻፈ። ተመሳሳይ ውጤት ካላቸው 100 ወንዶች የ70ዎቹ ያህሉ እዚያው ነው ማለት ነው። እርስዎ ከ70ዎቹ ይሁኑ ከ30ዎቹ ሰንጠረዡ አያውቅም። ደግሞም መረጃው በአብዛኛው የነጭ አሜሪካውያን ነው። ስለዚህ የአገራችን ሰው ላይ እንዳለ መለጠፉ ለእኔ አይዋጥልኝም። አሁን አሁን ኤምአርአይ ስለሚታከልበት ሐኪሞችም በሱ ብቻ አይወስኑም።

የፓርቲን ሰንጠረዥ ዕድሜን አይተነብይም፤ ስንት ዓመት እኖራለሁ ብሎ የሚፈልግበት ሰው አያገኝም። «ከኦፕራሲዮን በኋላ ይመለስብኛል ወይ?» ለሚለው ደግሞ ሌላ መሣሪያ አለ። ማይክል ካታንና ባልደረቦቹ በ1998 ያወጡት ስሌት እነዚያኑ ሦስት ውጤቶች ወስዶ በ5 ዓመት ውስጥ የመመለሱን ዕድል ይገምታል። ሐኪሙ አንድ መቶኛ ሲነግርዎ ከሁለቱ የየትኛው እንደሆነ ይጠይቁት።