ሪዛልት ክሎዝ ምንድን ነው?

«ከድካሙ የተነሳ ቁጭ እንዳለ ተኛ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ መልሱት ብንባል የአብዛኞቻችን እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ «ቢኮዝ» ነው። ስለደከመው ተኛ። ስህተት የለውም። ግን አንድ ነገር መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ቀርቷል። «ስለደከመው ተኛ» ምክንያቱን ይነግረናል፣ አለቀ። «ከድካሙ የተነሳ ቁጭ እንዳለ ተኛ» ግን ድካሙን ይለካልናል። ምን ያህል ደከመው? ጋደም ማለት እንኳ እስኪያቅተው።

እንግሊዝኛ እንዲህ ያለውን ነገር የሚለካበት መሣሪያ ሪዛልት ክሎዝ ይባላል። በአማርኛ «ውጤት ነጋሪ ጥገኛ ዓረፍተ ነገር» ልንለው እንችላለን፤ አፍ ስለሚሞላ በእንግሊዝኛ ስሙ እንቀጥል። በጣም የታወቀው መልኩ «ሶ … ዛት» ነው፦ «ሂ ዋዝ ሶ ታየርድ ዛት ሂ ስሌፕት ሲቲንግ አፕ»።

አሁን ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩዋቸው። በአማርኛው ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው፣ ጌታው ግስ «ተኛ» ነው፤ ማለትም ውጤቱ። ምክንያቱ «ከ… የተነሳ» ውስጥ ገብቶ ጥገኛ ሆኗል። በእንግሊዝኛው ነገሩ ይገለበጣል። ዋናው ዓረፍተ ነገር «ደክሞት ነበር» የሚለው ሲሆን፣ መተኛቱ በ«ዛት» ተንጠልጥሎ የሚመጣ ጥገኛ ነው። በአንዱ ቋንቋ ጌታ የነበረው በሌላው ሎሌ ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛ ሲጽፍ እዚህ ቦታ ላይ የሚደናቀፈው ለዚህ ይመስለኛል። አማርኛውን በቅደም ተከተሉ ይዞ ሲሄድ ከመነሻው «ቢኮዝ ኦፍ» ላይ ይወድቅና ከዚያ መውጫው ይጠፋዋል።

«ሶ» ብቻውን አይቆምም፣ ቀብድ ነው። አንዴ ከተከፈለ ቀሪውን መክፈል ግድ ነው። እስኪ ለአንድ ሰው «ሳጥኑ ከመክበዱ የተነሳ…» ብላችሁ ዝም በሉ። «እሺ፣ ምን ሆነ?» ይላችኋል። የመደበኛ ጽሑፍ አንባቢም «ዘ ቦክስ ዋዝ ሶ ሄቪ» ብላችሁ አራት ነጥብ ስታስቀምጡ የሚሰማው ይኸው ነው። በወሬ ላይ «ሶ ሄቪ!» ማለት «እንዴት ይከብዳል!» እንደማለት ስለሆነ ችግር የለውም። በሪፖርት ወይም በማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ግን ወይ «ዛት»ን ጨምሩ፣ ወይ «ሶ»ን በ«ቬሪ» ቀይሩት።

የተገላቢጦሹም ስህተት አለ፤ እሱ እንዲያውም ይበዛል። «ኢት ዋዝ ቬሪ ሄቪ ዛት…» ብሎ መጻፍ። እኔ ራሴ ይህን ለዓመታት ስጽፍ ኖሬ አንድ ቀን በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት ሲመለስልኝ ነው የነቃሁት። «ቬሪ» ይጨምራል እንጂ አይለካም። «ዛት»ን መጥራት የሚችሉት «ሶ» እና ወንድሙ «ሰች» ናቸው።

የሁለቱ ድንበር ደግሞ ቀላል ነው። «ሶ» ከቅጽልና ከተውሳከ ግስ ጋር ይሄዳል፣ «ሰች» ከስም ጋር። ሪፖርቱ ረጅም ነበር ለማለት ስሙ ካልተከተለ «ሶ ሎንግ ዛት»፤ ስሙ ከተከተለ «ሰች ኤ ሎንግ ሪፖርት ዛት»። ያቺ «ኤ» እንዳትረሳ፤ አማርኛ እሷን የሚመስል አስገዳጅ ቃል ስለሌለው ከእጃችን ቶሎ ታመልጣለች። ብዛትና መጠን ሲሆን ግን ስም ቢከተልም «ሶ» ነው ቦታውን የሚይዘው፦ «ሶ ሜኒ ኤረርስ ዛት»፣ «ሶ ሊትል ታይም ዛት»። «ሶ ሎንግ ኤ ሪፖርት ዛት» የሚል ሦስተኛ መንገድም አለ። ትክክል ነው፣ ግን ከረባት ያሰረ ነው። በየገጹ ብትጠቀሙበት አንባቢ ይታክተዋል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ። «ሶ» እና «ዛት» ተነጣጥለው ሳይሆን ተያይዘው «ሶ ዛት» ሆነው ሲመጡ ሁለት ፊት ይኖራቸዋል። አንደኛው ዓላማ፣ ሁለተኛው ውጤት። አማርኛ እዚህ ላይ ታድሏል፤ ዓላማን በ«እንዲ…» ወይም በ«ዘንድ»፣ ውጤትን ደግሞ በ«በዚህም ምክንያት» ለይቶ ይናገራል። በእንግሊዝኛ ሁለቱም አንድ ካፖርት ለብሰው ነው የሚመጡት፤ የሚለየው ከኋላ ያለው ግስ ነው።

ድልድይ ተዘጋ እንበል። «ዘይ ክሎዝድ ዘ ብሪጅ ሶ ዛት ትራክስ ውድ ቴክ ዘ ኦልድ ሮድ» ብንል የጭነት መኪኖቹ በአሮጌው መንገድ እንዲሄዱ ታስቦ ተዘጋ ማለት ነው። ይሂዱ አይሂዱ ገና አልታወቀም። «ውድ»ን አውጥተን «ቱክ» ብንል ግን መኪኖቹ ሄደዋል። ድልድዩ ተዘጋ፣ በዚህም ምክንያት መኪኖቹ በአሮጌው መንገድ ሄዱ። ማንም አላቀደውም ይሆናል። «ዊል»፣ «ውድ»፣ «ካን»፣ «ኩድ»፣ «ሜይ» የሚባሉት አጋዥ ግሶች ሲኖሩ ብዙውን ጊዜ ዓላማ ነው፤ የተፈጸመ ድርጊት በኃላፊ ጊዜ ከመጣ ውጤት ነው። ጥንቁቅ ጸሐፊዎች ደግሞ ውጤት ሲሆን ከ«ሶ ዛት» በፊት ኮማ ያስቀምጣሉ፣ ዓላማ ሲሆን ይተዋሉ። ቁራጭ ምልክት ናት፤ ግን በውል ወይም በአደጋ ምርመራ ሪፖርት ላይ «ሆነ ተብሎ ነው» እና «እንዲያው ሆነ» በሚሉት መካከል የምትቆመው እሷ ልትሆን ትችላለች። እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ሰው ተጠያቂ የሚያደርግ ከሆነ እኔ በኮማ አልተማመንም። ለውጤት «ዊዝ ዘ ሪዛልት ዛት»፣ ለዓላማ «ኢን ኦርደር ዛት» ብዬ እገላገላለሁ።

ይህ መንታነት የእንግሊዝኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። ላቲንም «ኡት» በምትባል አንዲት ቃል ዓላማንም ውጤትንም ይናገር ነበር። መለያው አሉታ ሲገባ ይወጣል፦ ዓላማ ከሆነ «ኔ»፣ ውጤት ከሆነ «ኡት ኖን»። የ«ሶ … ዛት» ጥምረት ራሱም ዕድሜ ጠገብ ነው። ከ1000 ዓመት በፊት በተጻፈው አሮጌ እንግሊዝኛ ውስጥም ያኔ በነበራቸው መልክ ሁለቱ ቃላት ይህንኑ ሥራ ሲሠሩ ይገኛሉ።

መደበኛ ጽሑፍ ውስጥ አንዳንዴ «ሶ» ዘልሎ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ጉብ ይላል፦ «ሶ ሄቪ ዋዝ ዘ ሬይን ዛት ዘ ሮድ ዋዝ ክሎዝድ»። ግሱ «ዋዝ» ከባለቤቱ ከ«ሬይን» በፊት እንደመጣ ልብ በሉ። «ሶ» ፊት ከወጣ ግሱን እየጎተተ ነው የሚወጣው። «ሰች»ም እንዲሁ፦ «ሰች ዋዝ ዘ ፎርስ ኦፍ ዘ ዊንድ ዛት ትሪስ ፌል»። ድምፁ ግርማ አለው። በአንድ ጽሑፍ አንዴ፣ ቢበዛ።

አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ብባል የምመርጠው ግን ይሄን ነው፦ በ«ሶ … ዛት» ውስጥ ውጤቱ መለኪያ ነው። ሜትር ነው። መለኪያ ከሆነ ደግሞ መታመን አለበት። እኛ «ሆዴ እስኪቆስል ሳቅኩ» እንላለን፤ የማንም ሆድ አልቆሰለም፣ ሁሉም ያውቀዋል። የአማርኛ «እስኪ…» ማጋነን ይወዳል፣ ያምርበታልም። ያንን ልማድ ወደ መደበኛ እንግሊዝኛ ይዘን ስንሻገር ግን «ክፍሉ ማንም ሰው ሊችለው እስከማይችል ድረስ ሞቃት ነበር» የሚል ዓይነት ነገር እንጽፋለን። ማንም? በሩ ላይ ቆሞ የነበረውስ ሰው? ከዚህ ይልቅ «ኮምፒውተሮቹ በራሳቸው እስኪጠፉ ድረስ» ብንል ሙቀቱን የሚለካ፣ ሄዶ የሚረጋገጥ ነገር ሰጠን። ከ«ዛት» በኋላ የሚመጣው ነገር ሊታይ፣ ሊቆጠር ወይም ሊመሰከር የሚችል ይሁን።

የሚለካ ነገር ከሌለና እንዲሁ «ስለዚህ» ማለት ከፈለጋችሁ፣ ሌላ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው፦ «ዘርፎር»፣ «ኮንሲኩዌንትሊ»፣ «ዘስ»፣ «ሄንስ»። «ሶ» ብቻውን «ስለዚህ» ሆኖ ሲያገለግል የወሬ ቃና ስላለው መደበኛ ጽሑፍ እነዚህን ይመርጣል። ግን ተጠንቀቁ፤ እነዚህ ቃላት መስተጻምር አይደሉም፣ ተውሳከ ግስ ናቸው። ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በኮማ አገጣጥማችሁ መሃል ላይ «ዘርፎር» ብትሰኩ አይያያዙም። «ዘ ሳምፕል ዋዝ ስሞል» ካላችሁ በኋላ ወይ አራት ነጥብ፣ ወይ ሴሚኮለን፣ ወይ «ኤንድ ዘርፎር» ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚበዛው የኮማ ጥፋት ይሄ ሳይሆን አይቀርም። «አዝ ኤ ሪዛልት»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ጅራቱ ላይ «ኦፍ» ከተጨመረበት ግን ዞሮ ምክንያትን ይናገራል፣ ቀጥሎም ስም እንጂ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይቀበልም።

«ዛት»ን መጣልስ? በንግግር ይጣላል፤ «ሶ ታየርድ አይ ኩድ ስሊፕ ስታንዲንግ» ሲባል ማንም አይደናገርም። በመደበኛ ጽሑፍ ግን ዓረፍተ ነገሩ ረዘም ሲል አንባቢው የቱ ጋ ውጤቱ እንደጀመረ ለማወቅ የሚይዘው ምርኩዝ «ዛት» ነው። አትንጠቁት።

በመጨረሻ አንድ ወጥመድ። የሒሳብ መጽሐፍ ስታነቡ «ሰች ዛት» ተያይዘው ታገኛላችሁ፦ «ኤክስ ሰች ዛት ኤክስ ከ0 ይበልጣል»። ይህ ውጤት አይደለም፣ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ «ከ0 የሚበልጥ ኤክስ» ማለት ነው። ቃላቱ ያው ናቸው፣ የሚለካ ነገር ግን የለም።