ፕሬሪ ቪው፦ ድምፅ ለመስጠት ፍርድ ቤት የምትመላለስ የኮሌጅ ከተማ

ፕሬሪ ቪው በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ዋለር ካውንቲ (ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ወረዳ) ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከሂዩስተን በ290 መንገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት ገደማ ያስነዳል። በ2020 ቆጠራ ሕዝቧ 8 ሺህ አካባቢ ነበር። ፕሬሪ ቪው ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ወደ 9 ሺህ ተማሪ ያስተምራል። ከተማዋ ማለት ዩኒቨርሲቲው ነው ቢባል አልተጋነነም። እዚያ የተማርን ሰዎች ግቢውን «ኮረብታው» እንለዋለን። ሜዳ ላይ ነው እኮ የምትሉን አትፍረዱብን።

ማንን ትመርጣለች ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ዴሞክራት፣ ያውም በሰፊ ልዩነት። ዙሪያዋን የከበባት ካውንቲ ግን ሪፐብሊካን ነው፤ በ2016ም በ2020ም ትራምፕ ከዋለር ድምፅ ከ60 በመቶ በላይ ወስደዋል። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ትልቁ ክርክር ሁሌም ተማሪው የት ይመዝገብ፣ የት ሄዶ ይምረጥ የሚለው ነው።

ቦታው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት አልታ ቪስታ የሚባል፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች የሚያርሱት ሰፊ እርሻ ነበር። በ1876 የቴክሳስ መንግሥት ለጥቁር ወጣቶች ኮሌጅ አቋቋመበት፤ ትምህርቱ በ1878 በስምንት ተማሪ ተጀመረ። ዛሬ በቴክሳስ ካሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በዕድሜ ሁለተኛው ነው። በዚያ ዘመን ጥቁሩ መራጭ ከሊንከን ፓርቲ ከሪፐብሊካን ጋር ነበር። ወደ ዴሞክራት መዞር የጀመረው በሩዝቬልት ጊዜ ሲሆን በ1960ዎቹ ጨርሶ ዞረ። በመሀሉ ነጮች ብቻ የሚሳተፉበት የፓርቲ ቅድመ ምርጫ፣ ማለትም ፓርቲው ዕጩውን የሚለይበት ምርጫ፣ ነበር፤ እሱን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1944 አስቀርቶታል።

ዋናው ታሪክ የሚጀምረው በ1971 የመምረጫ ዕድሜ ወደ 18 ሲወርድ ነው። ድንገት ኮረብታው በሙሉ መራጭ ሆነ። መራጭ የሚመዘግቡት የካውንቲው ግብር ሰብሳቢ ሌሮይ ሲም ነበሩ። በግል የማያውቁት ሰው ሲመጣ ቅጽ ያስሞላሉ። እዚህ ካውንቲ ቤት ወይም ንብረት አለህ? ስትመረቅ እዚህ ሥራ ቃል የገባልህ አለ? የቤተ ክርስቲያን ወይም የማኅበር አባል ነህ? ዶርም የሚኖር የ18 ዓመት ልጅ ቤት ከየት ያመጣል? የፌዴራሉ መንግሥት ከሰሰ፣ ፍርድ ቤት ለተማሪዎቹ ፈረደ፣ በጥር 1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን አጸናው። ዛሬ በአሜሪካ ተማሪ ሁሉ በሚማርበት ከተማ ሲመርጥ የሚጠቀሰው ይኸው የኛ ልጆች ጉዳይ ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1992 ቢያንስ 19 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ ያለ አግባብ መርጣችኋል ተብለው ተከሰሱ፤ ክሱ በኋላ ተነሳ። በ2003 መጨረሻ ላይ ደግሞ የአካባቢው ዐቃቤ ሕግ ኦሊቨር ኪትዝማን ተማሪዎች እዚህ የመምረጥ መብት በቀጥታ እንደሌላቸው፣ አጥፍቶ የተገኘም እስራትና ቅጣት እንደሚጠብቀው ጻፉ። አጋጣሚ ሆኖ ያኔ አንድ ተማሪ ለካውንቲው ምክር ቤት እየተወዳደረ ነበር። ኪትዝማን ሕጉን ለማስከበር ነው ብለዋል፤ እንግዲህ ከ1979ኙ ውሳኔ በኋላ የትኛውን ሕግ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። በጥር 2004 ተማሪው ሰልፍ ወጣ፣ የያኔው የቴክሳስ ዋና ዐቃቤ ሕግ ግሬግ አቦት፣ ሪፐብሊካኑ፣ እንኳ ለተማሪዎቹ የሚስማማ አስተያየት ሰጡ። ኪትዝማንም ይቅርታ ጠየቁ።

በ2008 ኦባማና ሂላሪ ክሊንተን የዴሞክራት ዕጩ ለመሆን ሲፎካከሩ፣ ከምርጫው ቀን በፊት የሚመረጥበት የቅድሚያ ድምፅ መስጫ መጀመሪያ ላይ የተከፈተው በካውንቲው ዋና ከተማ በሄምፕስቴድ ብቻ ነበር። ከግቢው ሰባት ማይል ይርቃል። መኪና የሌለው ምን ያድርግ? በየካቲት ከ1,000 በላይ ተማሪ በእግሩ ሄዶ መረጠ። አውራ ጎዳናው ዳር ለዳር በሰው ተሞልቶ ነበር። ግቢው ውስጥ የምርጫ ጣቢያ የገባው ገና በ2013 ነው።

በ2015 የዩኒቨርሲቲው ምሩቅ ሳንድራ ብላንድ መኪናዋን እየነዳች ከግቢው አጠገብ ተይዛ በካውንቲው እስር ቤት ሞታ ተገኘች። የከተማው ምክር ቤት መንገዱን ለጊዜው በስሟ ሰየመው። ተማሪዎችም ለዚሁ ምክር ቤት ተመርጠው ያውቃሉ።

በ2018 ቅድሚያ ድምፅ መስጫው በመጀመሪያው ሳምንት ግቢው ውስጥ ባለመከፈቱ ተማሪዎች እንደገና ከሰሱ። ካውንቲው ሰዓት ጨመረ፣ የማድላት ሐሳብ ግን አልነበረኝም ብሎ ተከራከረ። በ2022 ዳኛው ለካውንቲው ፈረዱ። ቴክሳስ ውስጥ የተማሪ መታወቂያ እስከ ዛሬ ለምርጫ አያገለግልም። የሽጉጥ መያዣ ፈቃድ ግን ያገለግላል።