የክላውድ ፋይል ማመሳሰል ምንድን ነው? ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይስ እንዴት ይዋቀራል?

የክላውድ ማመሳሰል፣ በተለምዶ ሲንክ የሚባለው፣ በኮምፒውተራችን ላይ ያለ አንድ ፎልደር በኢንተርኔት ከሚገኝ ሰርቨር ጋር፣ በሰርቨሩም በኩል ከሌሎች ኮምፒውተሮቻችንና ከስልካችን ጋር፣ ዘወትር አንድ ዓይነት ይዘት እንዲኖረው የሚያደርግ አሠራር ነው። ቢሮ ባለው ዴስክቶፕ የተጻፈ ደብዳቤ ፍላሽ ሳይመላለስ ቤት ባለው ላፕቶፕ ላይ ይገኛል፤ ማታ ላፕቶፑ ላይ የታረመው አንቀጽም ጠዋት ዴስክቶፑ ሲከፈት ታርሞ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ የቀረበው ድሮፕቦክስ ይህን አሠራር በብዙ ተጠቃሚዎች ዘንድ አስለመደ፤ ጎግል ድራይቭ እ.ኤ.አ. በ2012 ተከተለ፤ የማይክሮሶፍቱ ዋን ድራይቭና የአፕሉ አይክላውድም በመልክና በዋጋ ይለያዩ እንጂ በመሠረቱ የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ሥራው የሚከናወነው ኮምፒውተሩ ላይ በሚጫን አንድ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ ይነሣና የተመረጠውን ፎልደር ይከታተላል፤ በውስጡ ያለውን የእያንዳንዱን ፋይል ስም፣ መጠን፣ የተለወጠበትን ጊዜና ከይዘቱ ተሰልቶ የሚገኝ መለያ በራሱ መዝገብ ይይዛል። አንድ ፋይል ሴቭ ሲደረግ አዲሱን ሁኔታ ከመዝገቡ ጋር ያስተያይና ለውጡን ወደ ሰርቨሩ ይልካል፤ ሰርቨሩም በዚያው አካውንት ለሚሠሩት ሌሎች መሣሪያዎች ለውጥ መኖሩን ያሳውቃል፣ እነሱም ያወርዱታል። ድሮፕቦክስ ለምሳሌ ትልልቅ ፋይሎችን እስከ 4 ሜጋባይት በሚደርሱ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ስለሚይዝ፣ ከ200 ሜጋባይት ፋይል ውስጥ ጥቂቱ ብቻ ሲነካ ሙሉውን ፋይል እንደገና መላክ አይኖርበትም። መብራት ወይም ኔትወርክ መሀል ላይ ቢቋረጥ ፕሮግራሙ ግንኙነቱ ሲመለስ የቀረውን ይቀጥላል። ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ ግን ፎልደሩ ውስጥ ገና ስላልገባ ማመሳሰል ሊያድነው አይችልም።

ከዚህ አሠራር የሚከተል፣ ብዙ ሰው ዘግይቶ የሚረዳው አንድ ነገር አለ፤ ማመሳሰል መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። ፕሮግራሙ የተሰጠው ትእዛዝ ሁሉም መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ እንዲገኙ ማድረግ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ፋይል ሲፈጠር በታማኝነት እንደሚያዳርሰው ሁሉ፣ ፋይል ሲጠፋም መጥፋቱን በዚያው ታማኝነት ያዳርሳል። አንድ ሠራተኛ ዴስክቶፑ ላይ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ የዓመቱን የሂሳብ ሰነዶች ቢሰርዝ፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከሥራ አስኪያጁ ላፕቶፕም ይሰረዛሉ። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በፍላሽ ቢገባ፣ ፕሮግራሙ የተቆለፉትን ፋይሎች እንደ ተራ ለውጥ ቆጥሮ ወደ ሰርቨሩ ይልካቸዋል። እርግጥ ነው፣ አገልግሎቶቹ ለዚህ መጠነኛ መከላከያ አላቸው፤ ጎግል ድራይቭ የተሰረዘን ፋይል በቆሻሻ መጣያው ውስጥ 30 ቀን ያቆያል፣ ዋን ድራይቭ ለግል አካውንት 30፣ ለመሥሪያ ቤት አካውንት ደግሞ በመደበኛው አሠራር 93 ቀን ያቆያል፣ የቀድሞ የፋይል ቅጂዎችንም መልሶ ማውጣት ይቻላል። ነገር ግን ስሕተቱ የታወቀው የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ከሆነ ይህ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። በመሆኑም ማመሳሰልን የሚያዋቅር ሰው፣ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ላይ በየወሩ አንድ ቅጂ የሚያኖርበትን ሥርዓት አብሮ ቢዘረጋ መልካም ነው፤ በእኔ እምነት ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ይቀድማል።

አገልግሎቱን መምረጥ ብዙ አያስጨንቅም። በነፃ የሚሰጠው ቦታ በጎግል 15፣ በዋን ድራይቭና በአይክላውድ 5፣ በድሮፕቦክስ 2 ጊጋባይት ነው። የጎግሉ 15 ጊጋባይት ግን ጂሜይልና ጎግል ፎቶስ የሚጋሩት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ቦታው ሲሞላ ማመሳሰሉ ብቻ ሳይሆን ኢሜይል መላክና መቀበልም ይቆማል። ሰነዶቹን በሌላ ድርጅት ሰርቨር ማስቀመጥ ለማይፈልግ መሥሪያ ቤት በራሱ ሰርቨር ላይ የሚጫነው ኔክስትክላውድ አለ፤ ሁለት ኮምፒውተሮችን ያለ መካከለኛ ማከማቻ በቀጥታ የሚያገናኘው ሲንክቲንግም አለ። ሁለቱም ነፃና ክፍት ሶፍትዌሮች ሲሆኑ የሚከታተላቸው ባለሙያ ይጠይቃሉ።

ፕሮግራሙ ተጭኖ አካውንቱ ከተከፈተ በኋላ ዋናው ውሳኔ የትኛው ፎልደር ይመሳሰል የሚለው ነው፤ በችኮላ የሚታለፈውም ይኸው ነው። ዋን ድራይቭ ዊንዶውስ ላይ ዴስክቶፑን፣ ዶክመንትስንና ፒክቸርስን በሙሉ ላመሳስልልህ ብሎ ይጠይቃል፤ ተጠቃሚው ሲስማማ ሦስቱ ፎልደሮች ከነበሩበት ተነሥተው ወደ ዋን ድራይቭ ፎልደር ውስጥ ይዛወራሉ። ይህን ያላወቀ ሰው በኋላ አገልግሎቱን ሲያጠፋ ዴስክቶፑን ባዶ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል፤ ፋይሎቹ ግን አልጠፉም፣ ዋን ድራይቭ በሚለው ፎልደር ውስጥ ይገኛሉ። ከዚህ ይልቅ ለሥራ ብቻ የሚሆን አንድ ፎልደር መፍጠርና እሱን ብቻ ማመሳሰል የተሻለ ነው፤ ምን እንደሚላክና ምን እንደማይላክ በግልጽ ይታወቃል፣ የሠርግ ቪዲዮና የወረዱ ፊልሞችም ከሰነዱ ጋር ተደባልቀው ቦታና ዳታ አይጨርሱም።

ቀጥሎ የሚመጣው ፋይሎቹ በእርግጥ የት ይቀመጡ የሚለው ጥያቄ ነው። የጎግል ድራይቭ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ሁለት ምርጫ ይሰጣል። በአንደኛው፣ ስትሪም በሚባለው፣ ፋይሎቹ ሰርቨሩ ላይ ሆነው ኮምፒውተሩ ላይ ስማቸው ብቻ ይታያል፣ ይዘታቸውም ሲከፈቱ ይወርዳል። በሁለተኛው፣ ሚረር በሚባለው፣ ሙሉ ቅጂያቸው ሃርድ ዲስኩ ላይ ይቀመጣል። ዋን ድራይቭ ይህንኑ በምልክት ያሳያል፤ ሰማያዊ የደመና ምልክት ያለበት ፋይል ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው፣ አረንጓዴ የራይት ምልክት ያለበት ወርዷል፣ ሙሉ አረንጓዴ ክብ ውስጥ ነጭ ራይት ያለበት ደግሞ ምንጊዜም ኮምፒውተሩ ላይ እንዲቆይ ታዟል። ፋይሎችን ሰርቨሩ ላይ ብቻ መተው ዲስኩ ጠባብ ለሆነ ላፕቶፕ ይጠቅማል፤ ግንኙነት በሚቆራረጥበት ቦታ ግን ባለጉዳይ ፊት ቀርቦ ፋይሉ አልከፈት ይላል። ስለሆነም ኔትወርክ አስተማማኝ ባልሆነባቸው ከተሞቻችን፣ የዕለት ሥራ የሚሠራበት ዴስክቶፕ ሙሉ ቅጂውን ቢይዝ ይመረጣል፤ ለወርድና ለኤክሴል ሰነድ የሚበቃ ቦታ የሌለው ዴስክቶፕ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ጎግል ዶክስንና ጎግል ሺትስን የሚጠቀሙ ሰዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በእነዚህ የተሠራ ሰነድ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ፋይል ቢታይም በውስጡ ያለው ወደ ሰነዱ የሚመራ አድራሻ ነው፤ ጽሑፉ ሰርቨሩ ላይ ነው የሚኖረው። ይህን ፋይል ወደ ፍላሽ ገልብጦ ኢንተርኔት ወደሌለበት ስብሰባ የሄደ ሰው የያዘው ጽሑፉን አይደለም። ቅጂ የሚያስፈልገው ሰው ሰነዱን በወርድ ወይም በፒዲኤፍ መልክ አውርዶ መያዝ አለበት።

የመጀመሪያው ማመሳሰል ከሁሉም ይከብዳል፤ የተከማቸው በሙሉ በአንድ ጊዜ ነውና የሚላከው። የመላኪያ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሆነ መስመር 1 ጊጋባይት ለመላክ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ 20 ጊጋባይት ለመላክ ደግሞ 22 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ያውም መስመሩን ሌላ ሰው ካልነካው ነው። ስለዚህ ሥራውን ዓርብ ማታ መጀመር፣ ኮምፒውተሩም በራሱ እንዳይተኛ ማዘዝ ይገባል። በሥራ ሰዓት መቀጠሉ ግድ ከሆነ ጎግል ድራይቭ፣ ዋን ድራይቭና ድሮፕቦክስ የመላኪያና የማውረጃ ፍጥነትን የሚገድብ ማስተካከያ በሴቲንጋቸው ውስጥ አላቸው። በስልክ ሆትስፖት የሚሠራ ሰው ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ያ ዋይፋይ ዳታ እየተቆጠረ የሚከፈልበት መስመር (በእንግሊዝኛው ሜተርድ ኮኔክሽን) መሆኑን ቢያመለክት፣ ዋን ድራይቭ በመደበኛ ቅንብሩ ማመሳሰሉን በራሱ ያቆማል፤ በእጅ ለ2፣ ለ8 ወይም ለ24 ሰዓት ማቆምም ይቻላል። ጥቅል ገዝቶ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ጠቃሚ ማስተካከያ የለም ማለት ይቻላል፤ አለበለዚያ ለሳምንት የተገዛው ዳታ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የፋይል ስም የራሱ ጣጣ አለው። ዛሬ ያሉት አገልግሎቶች በግእዝ ፊደል የተጻፈ ስም ያለ ችግር ይቀበላሉ፤ ችግሩ የሚመጣው ከሥርዓተ ነጥብና ከርዝመት ነው። ዊንዶውስ እዝባርን፣ ኮከብን፣ የጥያቄ ምልክትንና የላቲኑን ሁለት ነጥብ በፋይል ስም ውስጥ አይፈቅድም፤ በመሆኑም በማክ ኮምፒውተር ተሰይሞ የመጣ ፋይል እነዚህ ካሉበት ዊንዶውስ ላይ እንዳለ ሊቀመጥ አይችልም። የግእዙ ሁለት ነጥብ ግን ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ስለሆነ ምንም አይከለክለውም። ዊንዶውስ በነጥብ የሚያልቅ የፎልደር ስምም አይቀበልም፤ ዓመተ ምሕረትን በሁለት ነጠላ ነጥብ አሳጥረን በስሙ መጨረሻ ላይ ስንጽፍ የምንጋጨው ከዚህ ደንብ ጋር ነው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ አንድ ስም በተለመደው የዲስክ አቀማመጥ ከ255 ባይት መብለጥ አይችልም፤ የግእዝ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ ይህ 85 ፊደል ብቻ ነው፣ ረጅም የደብዳቤ ርእስን እንዳለ ስም ለሚያደርግ ጸሐፊም በቂ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ አድካሚው ግን የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። አንዱ ሠራተኛ «ሐምሌ» ብሎ የከፈተውን ፎልደር ሌላው «ሀምሌ» ብሎ ሲከፍት ፕሮግራሙ ሁለት የተለያዩ ፎልደሮች አድርጎ ያመሳስላቸዋል፤ የወሩ ሰነድም ለሁለት ተከፍሎ ይቀራል፣ በፍለጋም አንዱ ብቻ ይገኛል። የጋራ ፎልደር የሚጠቀሙ ሰዎች በፊደል አጻጻፍ ላይ አስቀድመው ቢስማሙ፣ ቀንንም ዓመቱን አስቀድመው በአጭር ሰረዝ እየለዩ በቁጥር ቢጽፉ፣ የየትኛው አቆጣጠር መሆኑንም ቢወስኑ ብዙ ፍለጋ ይቀንሳል።

ሁለት ሰዎች አንድን ፋይል ግንኙነት በሌለበት ጊዜ በየፊናቸው ከለወጡት ፕሮግራሙ የማንኛው ትክክል እንደሆነ ሊያውቅ ስለማይችል አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ያስቀምጣል፤ አንደኛው በስሙ ላይ የኮምፒውተሩ ስም ወይም የግጭት ማመልከቻ ይጨመርበታል። እንዲህ ያለ ፋይል ሲታይ ሁለቱን ከፍቶ አስተያይቶ ማዋሐድ የሰው ሥራ ነው። ዳታቤዝ ላይ ግን ይህ መፍትሔ አይሠራም። በአገራችን በሂሳብ ሥራ በሰፊው የሚታወቀውን ፒችትሪን የመሰለ ፕሮግራም ዳታውን በብዙ ተያያዥ ፋይሎች ይይዛል፣ ሥራ ላይ ሳለም ዘወትር ይጽፍባቸዋል፤ የማመሳሰል ፕሮግራሙ ግማሾቹን ከለውጡ በፊት፣ ግማሾቹን ከለውጡ በኋላ ቢያነሣቸው ሰርቨሩ ላይ የሚደርሰው እርስ በርሱ የማይጣጣም ስብስብ ነው። የዚህ ዓይነቱ ዳታ ከሚመሳሰለው ፎልደር ውጭ መኖር አለበት፤ ወደ ፎልደሩ መግባት ያለበት በሥራ መጨረሻ በራሱ በሂሳብ ፕሮግራሙ የሚወጣው የባክአፕ ፋይል ነው።

አካውንቱ ሰነዶቹን በሙሉ የሚከፍት ቁልፍ በመሆኑ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ ሌላ ለምሳሌ በስልክ የሚመጣ ኮድ የሚጠይቀው ጥበቃ፣ ሳይበራለት ማመሳሰል መጀመር አይገባም። መሥሪያ ቤትም የጋራ ሰነዱን በአንድ ሠራተኛ የግል ኢሜይል ስም መክፈት የለበትም፤ ሠራተኛው ሲለቅ ሰነዱም አብሮት ይሄዳል።

ኮምፒውተሩ ሲሸጥ ወይም ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የሚሠራው ሥራ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይኖርበታል። መጀመሪያ ከስክሪኑ ግርጌ ሰዓቱ አጠገብ ባለው ምልክት የሚላክ ነገር አለመቅረቱ ይታያል፤ ከዚያ በሴቲንጉ ውስጥ ኮምፒውተሩ ከአካውንቱ ይለያል፤ በኮምፒውተሩ ላይ የቀሩት ቅጂዎች የሚሰረዙት ከዚህ በኋላ ነው። ገና ሳይለይ የተሰረዘ ፋይል ከሰርቨሩም ከሌሎቹ መሣሪያዎችም ይሰረዛል።